ባንዲራ ሲለወጥ ጡረታ የማን ዕዳ ነው?

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ አፍሪቃ አገሮች ነጻነት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንተርከው የትግሉን ሂደት፣ የመሪዎቹን ስምና ባንዲራው የተሰቀለበትን ዕለት ነው። ታንጋኒካ ዲሴምበር 9 ቀን 1961፣ ኡጋንዳ ኦክቶበር 9 ቀን 1962፣ ኬንያ ዲሴምበር 12 ቀን 1963 እያልን እናስጠናለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አንድ ጊዜ ይህንኑ ሳስተምር ከእጩ መምህራኑ አንዱ እጁን አወጣና፣ «የእንግሊዝ ባንዲራ እኩለ ሌሊት ላይ ወርዶ የአገሩ ባንዲራ ሲወጣ፣ ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣው ሰው በወሩ መጨረሻ አበሉን ከማን ይቀበላል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሣቀ። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ አጥጋቢ እንዳልነበረ ስለማውቅ ነገሩን ቆየት ብዬ መመርመር ያዝሁ።

ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የነጻነት ድርድር ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ መሬትና ስለ ሕገ መንግሥት ከሚደረገው ክርክር ጎን ለጎን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ጉዳይ ተደጋግሞ ይነሣ ነበር። ከነጻነት በኋላም በአንድ አዲስ መንግሥትና በቀድሞው ገዥ መካከል ከፍ ያለ ጠብ አስነሥቷል። እኛም መምህራን ወርኀዊ ደመወዛችንን ስንቀበል የጡረታ መዋጮ የተቀነሰብን፣ ወደፊትም በዚያው ተስፋ የምንኖር ስለ ሆንን ነገሩ ከሩቅ አገር ታሪክነቱ አልፎ ይነካናል።

መዋጮ የሌለበት ጡረታ

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የቅኝ ግዛት ጡረታ በምን ዓይነት መሠረት ላይ ቆሞ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1963፣ ማለትም በ1955 ዓ.ም.፣ ሲታወጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 ከመቶ እንዲያዋጡ ተደንግጎ ነበር። በኋላ በወጡት አዋጆች መጠኑ ከፍ ብሎ የሲቪል ሠራተኛው 7፣ የመንግሥት 11 ከመቶ ሆኗል። መጠኑ ይለዋወጥ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ እየተጠራቀመ ይቆያል።

በእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪቃ ግዛቶች ይሠራበት የነበረው አሠራር ከዚህ የተለየ ነበር። ለመደበኛው ሹም የተቀመጠ የጡረታ ገንዘብ አልነበረም። ሠራተኛው አያዋጣም፣ ግዛቱም አስቀድሞ አያስቀምጥም። ጡረታው የሚከፈለው ልክ እንደ ደመወዝ ሁሉ በዚያው ዓመት ከሕዝቡ ከሚሰበሰበው ግብርና ቀረጥ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በ1935 ሠርቶ ያገኘውን ጡረታ በ1965 የሚከፍለው በ1965 ቡና የሸጠው ገበሬ ነው ማለት ነው። በመካከሉ ባንዲራ ተለውጦ ከሆነ፣ ገበሬው «ለማን ብዬ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚደንቅ አይሆንም።

የጡረታው ስሌት ቀላል ነበር። በኬንያ የጡረታ ሕግ መሠረት ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ወር ለጡረታ ከሚታሰብለት ደመወዝ አንድ አራት መቶ ሰማንያኛ (1/480) ይታሰብለታል። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው 300 ወር አለው፤ 300ን ለ480 ብናካፍል 62.5 ከመቶ ይሆናል። ይህን ምሳሌ በሒሳብ ክፍል ሲያሠሩት ተማሪዎች ክፍልፋይን ከኑሮ ጋር አገናኝተው ያዩታል።

ሆኖም በዚያው ዓይነት ሕግ ውስጥ ሌላ አንቀጽ አለ። ይኸውም ማንኛውም ሹም ስላለፈው አገልግሎቱ ጡረታ የማግኘት ፍጹም መብት የለውም የሚለው ነው። ይህ አንቀጽ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የጡረታ ሕጎች ዘንድ የተለመደ ነበር። በሥራ ላይ ግን ጡረታ ያለ ምክንያት ተከልክሎ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ሕጉ ይህን ያህል ቀዳዳ ቢኖረውም የገዥውና የሠራተኛው መተማመን ይሸፍነው ነበር። መተማመኑ ግን ከገዥው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።

ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበው የቀጣሪው ማንነት ነው። የወረዳ አስተዳዳሪውን፣ የመንግሥት ሐኪሙን፣ የግብርና ባለሙያውን ከእንግሊዝ አገር መልምሎ የሚልከው በሎንዶን የሚገኘው የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ነበር። የሹመት ደብዳቤው የሚጻፈው ከዚያ ነው። ደመወዙንና ጡረታውን የሚከፍለው ግን የሚሠራበት ግዛት ነው። የእንግሊዝ ግምጃ ቤትም ሁልጊዜ «እነዚህ ሰዎች የግዛቶቹ ሠራተኞች እንጂ የእኛ አይደሉም» ይል ነበር። በ1954 የቅኝ ግዛት አገልግሎት የሚለው ስም ተለውጦ የግርማዊት ንግሥት የባሕር ማዶ ሲቪል አገልግሎት ሲባልም ስሙ ወደ ንግሥቲቱ ቀረበ እንጂ ከፋዩ አልተለወጠም። ልብ ብለን ካየነው ሙግቱ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው፤ አንዱ ሾመ፣ ሌላው ከፈለ።

ሦስቱ አጥሮች

የነጻነት ጊዜ ሲቃረብ ሹማምንቱ ሥጋት ያዛቸው። አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ገዥዎቹን እስከ ዕድሜ ልካቸው እንዲጦር የሚያስገድደው ምንድን ነው? እንግሊዝም ሌላ ሥጋት ነበራት። ሹማምንቱ በአንድ ጊዜ ጥለው ከሄዱ ግብር የሚሰበስብ፣ ሆስፒታል የሚያስተዳድር፣ የባቡር ሐዲድ የሚጠግን ሰው ይጠፋል። የነጻነት መሪዎቹም ይህን ያውቁ ስለ ነበር ስለ ጡረታ ዋስትና ሲጠየቁ በአብዛኛው እሺ ብለዋል። እሺታቸው በከፊል በውድ፣ በከፊል በግድ ነበር፤ ዋስትናውን ያለ መቀበል ነጻነቱን የሚያዘገይ ጉዳይ ሊሆን ይችል ነበርና።

ስለዚህ በጡረታው ዙሪያ ሦስት አጥር ታጠረ። የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ነው። የኬንያን የነጻነት ሕገ መንግሥት የመሰሉት ሰነዶች እንዲህ የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ ለአንድ ሰው ጡረታ በሚታሰብበት ጊዜ የሚሠራበት ሕግ ጡረታው ሲፈቀድ የነበረው ሕግ ነው፣ ወይም ለባለጡረታው ከቀድሞው የማያንስ ጥቅም የሚሰጥ በኋላ የወጣ ሕግ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አዲሱ ምክር ቤት ጡረታን ሊያሻሽል ይችላል፣ ሊያሳንስ ግን አይችልም።

ሁለተኛው አጥር የበጀት አሠራርን የሚመለከት ነው። ጡረታው በቀጥታ ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ፈንድ ላይ ወጪ እንዲሆን ተደነገገ። እንደሚታወቀው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በጀት በየዓመቱ ለምክር ቤት ቀርቦ ይጸድቃል፤ ይቀነሳል፣ ይሠረዛል። በፈንዱ ላይ በቀጥታ የታሰረ ወጪ ግን ለድምፅ አይቀርብም። የዳኞች ደመወዝና የመንግሥት ዕዳ በዚሁ መንገድ ይጠበቃሉ። ጡረታውም ከእነርሱ ጋር አንድ መደብ ተሰጠው። ከሦስቱ አጥሮች ይህ ብዙም የማይወራለት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ብልሃት የተሞላበት እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጡረታ የሚጠፋው በአዋጅ ተሰርዞ ሳይሆን በበጀት ወቅት «ዘንድሮ አልተቻለም» በሚል ቃል ነውና።

ሦስተኛው በእንግሊዝና በአዲሱ መንግሥት መካከል የሚፈረም የመንግሥት ሹማምንት ስምምነት ነው። አገሪቱ ሕገ መንግሥቷን ብትለውጥ እንኳ ከውጭ መንግሥት ጋር ያለባት ግዴታ እንዲቀጥል ታስቦ የተደረገ ነው። ሴሎን በ1948 ነጻ ስትወጣ ይህን የመሰለ ስምምነት ከመከላከያውና ከውጭ ጉዳዩ ስምምነት ጋር ተፈርሞ ነበር፤ በኋላ ነጻ የወጡትም ግዛቶች በዚያው ፈለግ ሄደዋል።

ከጡረታው ሌላ ደግሞ ካሣ የሚባል ነገር ነበረ፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ጡረታ ላለፈው አገልግሎት የሚከፈል ነው። ካሣው ግን ሹሙ እስከ ሃምሳ አምስት ዓመቱ እሠራለሁ ብሎ የጀመረው ሥራ በመካከሉ ስለ ተቋረጠ ለወደፊቱ ኪሣራ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። መጠኑ በዕድሜና በአገልግሎት ዘመን ተሰልቶ በሠንጠረዥ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከፍተኛውን የሚያገኙት ዕድሜያቸው አርባ ዓመት አካባቢ የሆነ ሹማምንት ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት አገሩ ገብቶ ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ የሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሰው ቢቆይም ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ልጆቹን ገና በማስተማር ላይ ያለው፣ አዲስ ሙያ ለመጀመር የመሸበት የአርባ ዓመቱ ሰው ነው።

ይህን ካሣ የሚከፍለው ማን ነው ቢባል፣ በመጀመሪያ ላይ አዲሱ መንግሥት ራሱ ነበር። ገና ትምህርት ቤት ያልሠራ መንግሥት ለሚሄደው ሹም ገንዘብ ቆጥሮ መስጠቱ ቅሬታ አስነሣ። ስለዚህ ከኤፕሪል 1961 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የባሕር ማዶ አገልግሎት እርዳታ ዕቅድ እንግሊዝ የካሣውን ግማሽ ለመክፈልና በሥራ ለሚቆዩት ሹማምንት ተጨማሪ አበል ለመስጠት ተስማማች። ስለ ጡረታው ግን ያን ጊዜ ምንም አልተለወጠም፤ ሙሉ በሙሉ የአዲሱ መንግሥት ዕዳ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሌላ መንገድ አልነበረምን?» ሊል ይችላል። ነበረ። ከዚያ ቀደም በህንድ የተሠራበት ነው። ህንድ በኦገስት 1947 ነጻ ስትወጣ የእንግሊዛውያኑን ሹማምንት ጡረታ የመክፈል ግዴታ ወረሰች። ነገር ግን ህንድ ባዶ እጇን አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ካቀረበችው ዕቃና አገልግሎት የተነሣ እንግሊዝ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረባት። በ1948 በተደረገው ስምምነት ህንድ ከዚሁ ገንዘቧ ላይ ለማዕከላዊው መንግሥት ጡረተኞች 147.5 ሚሊዮን፣ ለክፍላተ ሀገሩ ጡረተኞች 20.5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 168 ሚሊዮን ፓውንድ ለእንግሊዝ ትታ በምትኩ በየዓመቱ ለጡረታው የሚሆን ክፍያ ገዛች። ጡረተኞቹ በዕድሜ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ዓመታዊው ክፍያም እያነሰ የሚሄድ ሆኖ ተሰላ። በ1955 ደግሞ የህንድን፣ የፓኪስታንንና የበርማን ጡረታ የሚመለከት ሕግ በእንግሊዝ ምክር ቤት ወጥቶ ኀላፊነቱ ወደ እንግሊዝ መንግሥት ተዛወረ።

ታንጋኒካ ይህን ማድረግ አልቻለችም። በሎንዶን የተከማቸ ያን ያህል ገንዘብ አልነበራትምና የምትከፍለው በየዓመቱ ከምትሰበስበው ነበር። በህንድ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እንግሊዛውያኑ ሹማምንት ካሣ ሲያገኙ በዚያው አገልግሎት፣ በዚያው ማዕርግ ይሠሩ ለነበሩት ህንዳውያን ባልደረቦቻቸው የህንድ መሪዎች ካሣ መክፈልን አልተቀበሉም፤ «የራሳችሁን አገር ማገልገል ለምን እንደ ኪሣራ ይቆጠራል?» የሚል ነበር ምክንያታቸው። በምትኩ የሥራና የጡረታ ሁኔታቸው እንደ ቀድሞው እንደሚጠበቅ በህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 314 ተረጋገጠላቸው። ሳርዳር ፓቴል ለዚህ አንቀጽ አጥብቀው ተከራክረዋል። አንቀጹ ግን በ1972 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሰረዘ። በሕገ መንግሥት የተጻፈ ዋስትና ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ታንዛንያ እምቢ ስትል

አጥሮቹ የተፈተኑት በታንዛንያ ነው። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ ራሳቸው የቀድሞ መምህር ስለ ነበሩ ሕዝባቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው «ምዋሊሙ» ይላቸው ነበር፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። በ1965 የሮዴዥያ ነጮች በራሳቸው ሥልጣን ነጻነት ሲያውጁ፣ እንግሊዝ ተገቢውን እርምጃ አልወሰደችም በማለት ታንዛንያ ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች። እንግሊዝም ለታንዛንያ ታስቦ የነበረውን 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር አገደች። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ታንዛንያ ለቀድሞዎቹ እንግሊዛውያን ሹማምንት ጡረታ መክፈሏን አላቋረጠችም ነበር። ሁኔታው እንግዳ ነው፤ ባለጸጋው አገር ለድኻው የሚሰጠውን ብድር አግዷል፣ ድኻው ግን ለባለጸጋው አገር ዜጎች በየወሩ ይከፍላል።

በ1968 ታንዛንያ ከእንግዲህ አልከፍልም አለች። የቀረበው መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነበር፤ እነዚህን ሹማምንት የሾመቻቸው እንግሊዝ ናት፣ ያገለገሉትም የእንግሊዝን አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ከነጻነት በፊት ላገለገሉበት ዘመን መክፈል ያለባት ራሷ እንግሊዝ ናት። እንግሊዝ በበኩሏ የተፈረመ ስምምነት ፈርሷል በማለት ለታንዛንያ የምትሰጠውን እርዳታ ወደ ማቋረጥ ሄደች። ጡረተኞቹ ግን በባዶ እጃቸው እንዳይቀሩ ገንዘቡን ከራሷ ግምጃ ቤት ሰጠች።

እስቲ ሙግቱን ከሁለቱም ወገን እንመዝነው። ታንዛንያ በነጻነት ጊዜ ፈርማለች። የፈረሙትን አልከፍልም ማለት ሌላ ጊዜ የሚፈርሙትን ስምምነት ዋጋ ያሳጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሌላ በኩል ግን ፊርማው የተሰጠው ነጻነትን ለማግኘት በሚደረግ ድርድር ላይ ነው። ተበዳሪው ሳይጠየቅ የተወሰደ ብድር ነው ቢባልም ሐሰት አይሆንም። ለእኔ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከኔሬሬ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ይሉ የነበሩት እነማን እንደ ሆኑ ነው። ጡረተኞቹ ራሳቸው ነበሩ! በ1960 በእንግሊዝ አገር የባሕር ማዶ አገልግሎት ጡረተኞች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ማኅበሩ «የሾመን የእንግሊዝ መንግሥት ነው፣ ጡረታችንም በእርሱ መረጋገጥ አለበት» በማለት በሎንዶን ሲከራከር ቆይቷል። የቅኝ ግዛቱ የቀድሞ አስተዳዳሪና ቅኝ ግዛቱን ያስወገደው ፕሬዚዳንት በየፊናቸው ወደ አንዱ በር ያመለክቱ ነበር፤ ወደ እንግሊዝ ግምጃ ቤት።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። በ1970 የእንግሊዝ መንግሥት ከነጻነት በፊት ለተሰጠው አገልግሎት የሚከፈለውን የእንግሊዛውያን ሹማምንት ጡረታ ራሱ ለመረከብ ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያም ከየአገሩ ጋር አንድ በአንድ ስምምነት እየተደረገ ሄደ፤ በ1973 የባሕር ማዶ ጡረታ ሕግ የሚባለው ወጥቶ ነገሩን በሕግ አጸናው።

ከነጻነት በፊት ላለው አገልግሎት የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ እንይ። አንድ ሹም ከነጻነት በፊት 18 ዓመት፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ አዲሱን መንግሥት 4 ዓመት አገለገለ እንበል። ጠቅላላ አገልግሎቱ 264 ወር ነው። ወርኀዊ ደመወዙ 120 ፓውንድ ቢሆን ጡረታው 264/480 ሲባዛ በ120፣ ማለትም 66 ፓውንድ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 18/22ኛው፣ 54 ፓውንዱ፣ ለቅኝ ገዥው የሠራበት ነው፤ የቀረው 12 ፓውንድ ለአዲሱ መንግሥት የሠራበት ነው። እንደዚህ ሲታይ የኔሬሬ ጥያቄ ምን ያህል ተራ የሒሳብ ጥያቄ እንደ ነበረ ይገለጣል። ይህን ለማስላት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ለመስማማት ግን ከታንጋኒካ ነጻነት አንሥቶ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ወስዷል።

በ1979 መጨረሻ በሎንዶን ላንካስተር ሐውስ በተደረገው የዚምባብዌ ድርድር ላይም አጥሮቹ እንደ ገና ታጠሩ። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ እንዲጠበቅ፣ ከዚያም አልፎ ባለጡረታው በውጭ አገር ቢኖር ገንዘቡ ወደዚያው እንዲላክለት ደነገገ። ነገር ግን ደቡብ ሮዴዥያ ከ1923 ጀምሮ ራሷን የምታስተዳድር ስለ ነበረች ሠራተኞቿ የሎንዶኑ ሚኒስትር የሾማቸው አልነበሩም፤ እንግሊዝም የእነርሱን ጡረታ አልተረከበችም። ከ2000 ወዲህ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲደቅና የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ በውጭ የሚኖሩት ጡረተኞች ክፍያ ተቋረጠባቸው። አጥሮቹ በወረቀት ላይ ከሌሎቹ ይልቅ የጠነከሩ ነበሩ፤ ከወረቀቱ በስተ ጀርባ የቆመ ሁለተኛ ከፋይ ግን አልነበረም።

ከአጥሩ ውጭ የቀሩት

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው ስለ እንግሊዛውያኑ ነው። ካሣ የሚገባው «የተመደበ ሹም» የሚባለው ከውጭ ተመልምሎ የመጣው ነበር። በኬንያና በጎረቤቶቿ በጸሐፊነት፣ በሒሳብ ሠራተኛነት፣ በባቡር ጣቢያ ኀላፊነት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ የእስያ ተወላጆች ነበሩ፤ በዚያው የተቀጠሩ በመሆናቸው ካሣው አልደረሳቸውም። አፍሪቃዊው ቋሚ ሠራተኛ ጡረታው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ይጠበቅለት ነበር፤ ከፋዩ ግን የራሱ መንግሥት ብቻ ነው፤ የ1973ቱ ሕግ እርሱን አይመለከተውም። ከእርሱም በታች ተላላኪው፣ ዘበኛው፣ የመንገድ ሠራተኛው አሉ። እነዚህ ከጥንቱም ጡረታ በማያስገኝ መደብ የተቀጠሩ ስለ ነበሩ ሊጠበቅላቸው የሚችል ጡረታ አልነበራቸውም።

መምህራኑስ? ይህን በተለይ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ማንሣት ይገባል። በኬንያ በቅኝ ግዛት ዘመን ብዙው መምህር የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። አንዱ የሚስዮን፣ ሌላው የወረዳ ትምህርት ቦርድ ቅጥረኛ ነበር። ስለዚህ በነጻነት ድርድር ላይ ስለ መንግሥት ሹማምንት ጡረታ ያን ያህል ሲነጋገሩ መምህሩ በስም እንኳ አልተካተተም። በ1957 የተመሠረተው የኬንያ ብሔራዊ መምህራን ማኅበር አንድ ቀጣሪ እንዲኖር አጥብቆ ታገለ፤ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የተቋቋመው በ1967 ነው።

ከሁሉ የከበደ ዕጣ የደረሰባቸው ግን ሦስቱን አገሮች በጋራ ያገለገሉት ናቸው። እንግሊዝ በ1948 ባቋቋመችው የምሥራቅ አፍሪቃ ከፍተኛ ኮሚሽን ሥር የባቡርና የወደብ፣ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎቶች ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ በአንድነት ይሠሩ ነበር። ከነጻነት በኋላ ይኸው ድርጅት ስሙ ተለውጦ፣ በ1967 ደግሞ የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሩሻ ተተከለ። ሠራተኛው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። ኡጋንዳዊው ሞምባሳ ወደብ ላይ፣ ታንዛንያዊው ናይሮቢ የባቡር መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ። ይህ ሦስት ነጻ መንግሥታት እርስ በርስ የተለያዩበት እንጂ ባንዲራ የወረደበት ጊዜ አልነበረም። ጥያቄው ግን ያው የእጩ መምህሩ ጥያቄ ነው፤ ቀጣሪው ሲጠፋ ጡረታውን ማን ይክፈል?

ባቡሩን፣ መርከቡን፣ ሕንጻውንና ዕዳውን ለመከፋፈል ቪክቶር ኡምብሪኽት የሚባሉ ስዊሳዊ አስታራቂ ዓመታት ደከሙ። በሜይ 1984 በአሩሻ በተፈረመው ስምምነት ከንብረቱ ለኬንያ 42፣ ለታንዛንያ 32፣ ለኡጋንዳ 26 ከመቶ ደረሰ። ጡረታን በሚመለከት እያንዳንዱ መንግሥት ለገዛ ዜጎቹ ሊከፍል ግዴታ ገባ። ከዚህ በፊት ከተመለከትናቸው አጥሮች አንደኛው፣ በመንግሥታት መካከል የሚፈረም ስምምነት፣ እነሆ እዚህም አለ። የሌለው ነገር በመንግሥታቱ ላይ የሚጮህላቸው ሁለተኛ መንግሥት ነው። ታንዛንያ ስለ ታንዛንያውያን የባቡር ሠራተኞች ጡረታ ማንን ትክሰስ? ተከሳሿ ራሷ ነበረች።

በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ታንዛንያውያን የቀድሞ ሠራተኞች ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱ። በ2005 በዳሬሰላም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመንግሥት ጋር የስምምነት ውል ተፈራረሙ፤ ማኅበረሰቡ በፈረሰ በ28 ዓመቱ መሆኑ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን «የተከፈለን ከሚገባን ያነሰ ነው» የሚለው ክርክር አልቆመም። በኬንያ ከ700 በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ሠራተኞች ደግሞ በ2010 በአሩሻ ለሚገኘው ለምሥራቅ አፍሪቃ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ የተቋቋመው በአዲሱ የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ ውል ሲሆን፣ ውሉ የጸናው በ2000 ነው። ዳኞቹም ውሉ ከመጽናቱ በፊት ለተፈጸመ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራ አይችልም በማለት አቤቱታውን አልተቀበሉትም፤ ይግባኙም በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሆነ።

የእንግሊዛውያኑ ጡረተኞች ማኅበር ግን በ2017 ሥራውን ዘጋ። የአባላቱ ጡረታ ከተረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ አባላቱም በዕድሜ ምክንያት እጅግ አንሰው ነበር።